«ከእንግዲህ አንተ ይህ ነህ»፦ በጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ልብስ የመስጠት ትርጉም

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዮሴፍ አባቱ ለእርሱ ብቻ ባሠራለት ቀሚስ ምክንያት ተጠልቶ ተሸጠ። ታዲያ ራሱ በግብፅ ሹም ሆኖ ወንድሞቹን ሲያሰናብት ለእያንዳንዳቸው መለወጫ ልብስ፣ ለብንያም ግን አምስት መስጠቱ የአባቱን ስሕተት መድገም አይሆንም? በአጠቃላይስ በቅዱሳት መጻሕፍት ልብስ በስጦታ መስጠት ከማክበር ያለፈ ትርጉም አለው?»

ክቡር ጠያቂ፣ የጥያቄዎን የመጀመሪያ ክፍል ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ፤ ዮሴፍ ያደረገውን ለመረዳት አስቀድሞ በእነዚህ መጻሕፍት ዓለም ልብስ ምን እንደነበረ፣ ሰጪው ምን እንደሚሰጥና ተቀባዩም ምን እንደሚቀበል ማየት ያስፈልጋልና። ለሁለተኛው ክፍል ግን አጭሩ መልሴ «አዎን፣ አለው» የሚል ነው። ልብስ መስጠት ማክበር ነው ማለት ልክ ቢሆንም ብዙ አያስረዳም፤ ብርም ወርቅም ያከብራሉ። ልብስን ከሌላው ስጦታ ሁሉ የሚለየው የተቀባዩን ማንነት በሰው ፊት የሚናገር መሆኑ ነው። ሰጪው «ከእንግዲህ አንተ ይህ ነህ» ይላል፤ የሚለብሰውም በመልበሱ ብቻ «አዎን፣ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ልብሱን አልቀበልም የሚሉት ሰዎች ከሚቀበሉት ባልተናነሰ የሚያስተምሩን ስለዚህ ነው።

ከዋጋው እንነሣ። ሱፍ ከበግ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ በእጅ ተሸምኖ አንድ መደረቢያ እስኪወጣው ድረስ የብዙ ቀናት ልፋት ይጠይቃል። መጻሕፍቱ ሀብት ሲቆጥሩ ልብስን ከብርና ከወርቅ አስከትለው የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ ያወጣላት የብር ዕቃ፣ የወርቅ ዕቃና ልብስ ነበር፤ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ከጎረቤቶቻቸው የጠየቁትም ያንኑ ሦስት ነገር ነው፤ ሶርያዊው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ሊፈወስ ወደ እስራኤል ሲሄድ 10 መክሊት ብር፣ 6,000 ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ይዞ ነበር። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 17 ሚካ የተባለው ሰው አንድን ሌዋዊ ካህን አድርጎ ሲቀጥረው በዓመት 10 ብር፣ ልብስና ምግብ ሊሰጠው ይዋዋላል፤ እዚህ ላይ ልብስ ደመወዝ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን የምለው በየጨርቁ ምሥጢር መፈለግ የሚወዱ አንባቢዎች ስላሉ ነው። አንዳንዱ ልብስ ልብስ ብቻ ነው።

የዚህን ዋጋ ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የመያዣ ሕግ ነው። ዘጸአት 22 የባልንጀራህን ልብስ በመያዣ ብትወስድ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል፤ ምክንያቱን ሲሰጥም ከሕግ ቋንቋ ወጥቶ ይጠይቃል፤ መሸፈኛው እርሱ ብቻ ነው፣ ታዲያ በምን ይተኛል? ዘዳግም 24 ደግሞ የመበለትን ልብስ ከነጭራሹ በመያዣ መውሰድ ይከለክላል። ይህ ጉዳይ በሕግ መጽሐፍ ብቻ ተወስኖ እንዳልቀረ የሚመሰክር ጽሑፍ በ1960 እ.ኤ.አ. በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በያብኔ አቅራቢያ ከተቆፈረ ትንሽ ምሽግ ተገኝቷል። በሰባተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መገባደጃ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፈ አቤቱታ ነው። አመልካቹ አጫጅ ነው፤ ራሱን «አገልጋይህ» እያለ ለአለቃው ይናገራል። የተመደበለትን አጭዶ እህሉን ካስገባ በኋላ የሾባይ ልጅ ሆሻያሁ መጥቶ ልብሱን እንደ ወሰደበት፣ አብረውት በፀሐይ ያጨዱ ባልንጀሮቹ ሊመሰክሩለት እንደሚችሉ፣ ጥፋት እንደሌለበት ይዘረዝራል፤ በዚያች አጭር ጽሑፍ ውስጥም ልብሱን ደጋግሞ ያነሣል። ልብሱ የተመለሰለት መሆኑን ሸክላው አይነግረንም። አቤቱታው ግን ልብስ የተወሰደበት ሰው ከብርድ ሌላም የሚያስጨንቀው ነገር እንደነበረ ያሳያል፤ በደለኛ ሆኖ መታየቱ ነው የሚያንገበግበው።

ከዋጋው ወደ ማንነቱ ስንሻገር አማርኛ አንባቢ ዕድለኛ ነው። የዕብራይስጡ «ላባሽ» የእኛው «ለበሰ» ነው፤ ዐረብኛውም ልብስን «ሊባስ» ይለዋል። በመሳፍንት 6:34 የእግዚአብሔር መንፈስ በጌዴዎን ላይ መጣ የሚባለውን ዕብራይስጡ በቀጥታ መንፈስ ጌዴዎንን «ለበሰ» ብሎ ይጽፈዋል። ኢዮብም በምዕራፍ 29 ጽድቅን ለበስሁ፣ እርሱም ለበሰኝ ይላል፤ ለባሹና የተለበሰው እስከማይለዩ ድረስ ማለት ነው። የልብስ ጫፍ ደግሞ በዕብራይስጥ «ካናፍ» ይባላል፣ የእኛው «ክንፍ»። ይህን የያዘ ሰው መጽሐፈ ሩትን በሌላ ጆሮ ያነብባል። በምዕራፍ 2 ቦዔዝ ሩትን፣ ከክንፉ በታች ልትጠጊ የመጣሽበት የእስራኤል አምላክ ዋጋሽን ይክፈልሽ ብሎ ይመርቃታል። በምዕራፍ 3 ሌሊት በዐውድማው ላይ ሩት ለዚያው ሰው፣ ክንፍህን በአገልጋይህ ላይ ዘርጋ ትለዋለች። ምርቃቱን ወስዳ ለመራቂው መለሰችለት፤ የአምላክን ክንፍ እንደ ተመኘህልኝ አንተም የመጎናጸፊያህን ክንፍ ዘርጋልኝ፣ አግባኝ ማለቷ ነው።

ልብስ ባለቤቱን ይወክላል የሚለው እምነት ከእስራኤልም የሰፋ ነበር። በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በነበረችው በማሪ ከተማ ከተገኙት የ18ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሸክላ ደብዳቤዎች እንደምንረዳው፣ አንድ ሰው ከአማልክት መልእክት መጣልኝ ሲል ቃሉ ይመረመር ዘንድ ከጠጉሩ ቁራጭና ከልብሱ ጫፍ ወደ ንጉሡ ይላክ ነበር። ሰውየው በሌለበት ጠጉሩና የልብሱ ጫፍ ይቆሙለታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ለማየት አንደኛ ሳሙኤልን አንድ ቃል እየተከተሉ ማንበብ ይበቃል። ቃሉ «መዒል» ነው፤ ከሌላው ልብስ በላይ የሚደረብ ካባ። በትርጉም ጊዜ አንዴ መደረቢያ፣ አንዴ ካባ፣ አንዴ መጎናጸፊያ እየሆነ ስለሚመጣ ክሩ በቀላሉ ይጠፋል። መጀመሪያ የምናገኘው በምዕራፍ 2 ነው። ሐና ልጇን ሳሙኤልን በሴሎ ለሚገኘው ቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መዒል እየሠራች፣ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትወስድለታለች። ጸሐፊው ከዚህ ሌላ አልጨመረም፤ አንባቢ ግን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። ልጇን በዓመት አንዴ የምታይ እናት የትከሻውን ስፋትና የክንዱን ርዝመት ባለፈው ዓመት ካየችው ተነሥታ፣ እስከ ዘንድሮ ይህን ያህል አድጎ ይሆናል ብላ በግምት ነው የምትለካው። የሰጠችውን ልጅ መልሳ አትወስደውም፤ ካባው ግን እናት እንዳለችው በትከሻው ላይ ሆኖ ይናገራል።

ይኸው ቃል በምዕራፍ 15 ይመለሳል፤ የመዒል ክንፍ ይቀደዳል፣ ሳሙኤልም ለሳኦል፣ እግዚአብሔር መንግሥትን ዛሬ ከአንተ ቀደዳት ይለዋል። በምዕራፍ 24 በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ዳዊት የሳኦልን መዒል ክንፍ በስውር ይቆርጣል፤ ከቆረጠም በኋላ ልቡ ይመታዋል። የተቆረጠው ጨርቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልብ የሚያስመታ ነገር አልነበረበትም። በምዕራፍ 28 ሳሙኤል ከሞተ በኋላ፣ በዓይንዶር ያለችው መናፍስት ጠሪ መዒል የተጎናጸፈ ሽማግሌ ሲወጣ አየሁ ስትል፣ ሳኦል ሳሙኤል መሆኑን ያወቀው በዚያ ነው። እናቱ ትንሽ ካባ ያለበሰችው ልጅ ከመቃብር ወዲያም በካባው ታወቀ።

የዮናታን ስጦታ የሚገባው በዚህ ክር መካከል ነው። በምዕራፍ 17 ሳኦል ጎልያድን ሊገጥም ለተነሣው ዳዊት የራሱን የጦር ልብስ ያለብሰዋል፤ ዳዊት አልለመድሁትም ብሎ ያወልቀዋል። ጥቂት ቁጥሮች አልፎ፣ በምዕራፍ 18:4፣ ዮናታን የለበሰውን መዒል አውልቆ ከጦር ልብሱ፣ ከሰይፉ፣ ከቀስቱና ከመታጠቂያው ጋር ለዳዊት ይሰጠዋል። ግሦቹን ያስተውሉ። ሳኦል አለበሰ፣ ዳዊት አወለቀ፤ ዮናታን አወለቀ፣ ሰጠም። አባትየው እረኛውን በራሱ ልክ ሊያበጀው ሞከረ፤ የዙፋኑ ወራሽ የነበረው ልጅ ግን ከራሱ ላይ አንሥቶ ለቀቀለት። ይህ የወዳጅነት መግለጫ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም፤ በምዕራፍ 23:17 ዮናታን ራሱ አንተ በእስራኤል ላይ ትነግሣለህ፣ እኔም ከአንተ በታች እሆናለሁ ብሎ በአፉ ይናገረዋል። ዮናታን ካባውን ሲያወልቅ የገባው ግሥም በዚያው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ በአባቱ ላይ ይመለሳል፤ በምዕራፍ 19 ሳኦል ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ሲወድቅ፣ በምዕራፍ 31 ደግሞ ፍልስጥኤማውያን ሬሳውን ሲገፉ።

ሹመት በልብስ ሲተላለፍ የምናይባቸው ሌሎች ቦታዎች የታወቁ ስለሆኑ አልዘገይባቸውም። በዘኍልቍ 20 በሖር ተራራ ላይ ሙሴ የአሮንን ልብስ አውልቆ ለልጁ ለአልዓዛር ያለብሳል፣ አሮንም በዚያው ይሞታል፤ በአንደኛ ነገሥት 19 ኤልያስ በሬ እየጠመደ ወደሚያርሰው ኤልሳዕ አልፎ መጎናጸፊያውን ይጥልበታል። ኤልያስ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ኤልሳዕ ግን በሬዎቹን ትቶ ሮጠ። መልእክቱ በጨርቁ ነበረና ማብራሪያ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ እምቢታው እንምጣ፤ የእኔ ግምት ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በዘፍጥረት 14 የሰዶም ንጉሥ ከምርኮ የተመለሰውን ንብረት ውሰድ ሲለው አብራም፣ አብራምን ባለጠጋ አደረግሁት እንዳትል ፈትልም ቢሆን የጫማ ማዘቢያም ቢሆን አልወስድም ብሎ ይምላል። ከንብረቱ ሁሉ መካከል ለመሐላው የመረጠው ከሚለበሰውና ከሚጫማው ትንሹን ነው። ኤልሳዕም ንዕማን ከተፈወሰ በኋላ ያመጣውን ስጦታ አልቀበልም ይላል። ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ በጌታው ስም 1 መክሊት ብርና 2 መለወጫ ልብስ ይለምናል፤ ንዕማን ብሩን እጥፍ አድርጎ ይሰጠዋል፤ ግያዝም ተቀብሎ በቤት ይሸሽገዋል። ኤልሳዕ ሲፈርድበት የንዕማን ለምጽ በአንተና በዘርህ ላይ ይጣበቃል ይለዋል። ይህን የምለው በራሴ ንባብ ነው፤ ግያዝ የንዕማንን ልብስ ሲፈልግ ንዕማን በዮርዳኖስ አውልቆ የጣለውን ሌላውን ልብስ፣ ያንን በሥጋው ላይ የነበረውን፣ ለበሰ።

ከእምቢታዎቹ ሁሉ ግልጹ የመርዶክዮስ ነው። በአስቴር 4 ሕዝቡ እንዲጠፋ አዋጅ ወጥቶበት ማቅ ለብሶ በንጉሡ በር ፊት ሲቆም፣ አስቴር ማቁን አውልቆ ይለብሰው ዘንድ ልብስ ትልክለታለች፤ እርሱ ግን አይቀበልም። አስቴር የላከችው በደግነት ነው። ልብሱን ቢለብስ ግን ሐዘኑ አለቀ፣ ነገሩ በረደ ማለት ይሆንበታል። ስለዚህ የተመለሰው ልብስ እንደ ደብዳቤ ሠራ፤ አስቴር ምን እንደተፈጠረ ለመጠየቅ መልእክተኛ የላከችው ከዚያ በኋላ ነው። በምዕራፍ 6 አዋጁን ያስወጣው ሹም ሐማ፣ ንጉሡ ሊያከብረው የሚወደው ሰው ምን ይደረግለት ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለራሱ መስሎት የመጀመሪያ ምኞቱን ተናገረ፤ ንጉሡ የለበሰው የመንግሥት ልብስ ይምጣለት አለ። አዲስ ልብስ አላለም፣ ንጉሡ የለበሰውን እንጂ። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ፋርሱ ንጉሥ ስለ ዳግማዊ አርጤክስስ ከሚተርከው ጋር ይህን ማነጻጸር ይጠቅማል። ቴሪባዙስ የተባለ ሹም የንጉሡ ልብስ መቀደዱን አሳይቶ ሌላ ልበስና ይህን ስጠኝ ይለዋል፤ ንጉሡም እሰጥሃለሁ፣ እንዳትለብሰው ግን እከለክልሃለሁ ይላል። ሹሙ ለብሶት በወጣ ጊዜ ሌሎች ተቆጡ፤ ንጉሡ ግን ስቆ ልብሱን እንደ እብድ ይልበሰው አለ። የንጉሥን ልብስ መልበስ ንጉሥ ነኝ ማለት ነውና ሰውየውን ከሞት ያዳነው እንደ እብድ መቆጠሩ ይመስላል። ሐማ የተመኘው ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ከዚህ ይታያል።

አምላክ ራሱ ልብስ ሰጪ ሆኖ ሲቀርብ ይኸው ሥርዓት ይከተለዋል። በዘፍጥረት 3 አዳምና ሔዋን የበለስ ቅጠል ሰፍተው ግልድም አደረጉ፤ ከፍርዱ በኋላ ግን፣ ከገነት ከመውጣታቸው በፊት፣ እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ አደረገላቸው፣ አለበሳቸውም። ብዙ ሰባኪዎች እዚህ ላይ ስለ መጀመሪያው መሥዋዕት ይናገራሉ፤ ጽሑፉ ግን ስለ መታረድ አንድም ቃል የለውም። የተጻፈው ነገር በራሱ በቂ ነው፤ ቅጠሉን ራሳቸው ሰፉ፣ ቁርበቱን ግን ፈራጁ ሰፋላቸው፤ ደግሞም እንዲለብሱ ሰጥቷቸው አልሄደም፣ በእጁ አለበሳቸው። «አለበሰ» የሚለው ግሥ ኋላ ሙሴ አሮንንና ልጆቹን ለክህነት ሲያለብሳቸው የሚመለስ ነው። በዘካርያስ 3 ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ በመልአኩ ፊት እድፋም ልብስ ለብሶ ቆሞ ከሳሽ በቀኙ ሲከሰው፣ መልአኩ መጀመሪያ እድፋሙን አውልቁለት ይላል፤ ከዚያ ኃጢአትህን ከአንተ አስወግጃለሁ ይለዋል፤ የክብር ልብስና ንጹሕ ጥምጥም የሚመጡት ቀጥሎ ነው። ኢያሱ በዚያ ችሎት ለመከላከያው አንድ ቃል አልተናገረም። ፍርዱ የተነበበው በልብሱ ነው።

በቁርኣን ደግሞ ምዕራፍ 7:26 ኀፍረትን የሚሸፍን ልብስና ጌጥ ለአደም ልጆች እንደ ወረደላቸው ተናግሮ፣ አላህን የመፍራት ልብስ ከሁሉ እንደሚሻል ይጨምራል። ልብስ መስጠት ግዴታም ይሆናል፤ ምዕራፍ 5:89 መሐላውን ያፈረሰ ሰው 10 ድሆችን እንዲያበላ ወይም እንዲያለብስ ወይም ባሪያ ነጻ እንዲያወጣ ያዝዛል። ለርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የዩሱፍ ምዕራፍ፣ 12ኛው ነው። ቀሚሱ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ በሐሰት ደም ተነክሮ፣ ቀጥሎ ከኋላ ተቀድዶ ንጽሕናውን ሲመሰክር፣ በመጨረሻም ዩሱፍ ራሱ ለወንድሞቹ ሰጥቷቸው በአባቴ ፊት ላይ ጣሉት ሲል። ያዕቆብ ገና መንገደኞቹ ሳይደርሱ የዩሱፍን ሽታ አገኘሁ ይላል፤ ቀሚሱ ፊቱ ላይ ሲጣልም ዓይኑ ይበራል። የልጁን ሞት በውሸት ባወጀው ዓይነት ልብስ ሕይወቱ ታወጀ፤ ያመጡትም እነዚያው ወንድሞች ናቸው።

በወንጌል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልቆይ። በሉቃስ 15 ጠፍቶ የተመለሰው ልጅ በሩቅ አገር ሳለ የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር፤ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። በአባቱ ፊት ሲቆም ግን የመጨረሻውን ሐረግ አይናገረውም፤ አባትየው ለባሮቹ ከሁሉ የተሻለውን ልብስ አምጡና አልብሱት፣ ቀለበትና ጫማም ስጡት ብሎ ያቋርጠዋል። ልብስና ቀለበት፣ ልክ ፈርዖን ለዮሴፍ እንዳደረገው። «ልጅህ ልባል አይገባኝም» ላለው ሰው መልሱ በቃል አልተሰጠውም፣ ለበሰው። በማቴዎስ 22 ግን የሰርግ ልብስ ሳይለብስ የገባው ሰው ይጣላል፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ዘመን ባለሰርጉ በበር ላይ ልብስ ያድል ነበር እየተባለ ይብራራል። ምሳሌው ራሱ ይህን አይናገርም፤ ስለዚህ ትርጓሜን በእርሱ ላይ መመሥረት አልወድም። ጽሑፉ የሚለው ሰውየው ሲጠየቅ ዝም ማለቱን ነው። ወታደሮቹ ኢየሱስን ቀይ ልብስ አልብሰው፣ ተንበርክከው፣ መልሰው የገፈፉት ደግሞ ይህን የንጉሥነት ሥርዓት ለመሳለቂያ ገልብጠው ነው፤ ቀልዱ የሚያስቃቸው ልብስ ማንነት ይሰጣል የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቅ ነበር።

ከሴማውያን ዓለም ውጪ ብዙ ባልሄድም፣ የጥንታዊ ሕንድ የመዝሙር ስብስብ የሆነው የሪግቬዳ 10ኛ መጽሐፍ 107ኛ መዝሙር ወርቅ የሚሰጡ የማይሞተውን ሕይወት ያገኛሉ፣ ልብስ የሚሰጡ ዕድሜያቸው ይረዝማል ይላል። በቡድሃ ትምህርት ጽሑፎች ውስጥም ካሳፓ የተባለው ደቀ መዝሙር የራሱን ልብስ ለመምህሩ ሰጥቶ በምትኩ መምህሩ የለበሰውን ያረጀ የጨርቅ ልብስ ተቀብሏል። ከኤልያስ መጎናጸፊያ ጋር ያለው መቀራረብ ግልጽ ነው፤ የሚወረሰው ያማረው ሳይሆን የተለበሰው ነው።

እንግዲህ ዮሴፍ። ታሪኩን በልብሱ ብቻ ተከትለው ይቁጠሩ። በዘፍጥረት 37 አባቱ የሰጠውን ቀሚስ ወንድሞቹ ገፍፈው በፍየል ደም ይነክሩታል፤ የቀሚሱ ስም በዕብራይስጥ «ከቶኔት ፓሲም» ነው፣ ብዙ ኅብር ያለው ይሁን ወይም እጀ ረጅም ሊቃውንት አልተስማሙበትም፤ በሁለተኛ ሳሙኤል 13 የንጉሥ ሴት ልጅ ትዕማር የምትለብሰው ያው ስለሆነ ግን የልዑላን ልብስ መሆኑ አያጠራጥርም። በምዕራፍ 39 የጌታው ሚስት ሁለተኛ ልብሱን በእጇ ታስቀራለች። በምዕራፍ 41 ከእስር ቤት ሲወጣ ልብሱን ይለውጣል፣ ፈርዖንም ጥሩ በፍታ ያለብሰዋል። ልብስ ሲለበስለትና ሲገፈፍበት የኖረ ሰው በምዕራፍ 45 ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ሰጪ ይሆናል፤ ለወንድሞቹ የሰጣቸው «መለወጫ» ልብስ በዕብራይስጥ የተጠራበት ቃልም፣ ከእስር ሲወጣ ልብሱን «ለወጠ» ከተባለበት ሥር የወጣ ነው። እርሱ ያለፈበትን መለወጥ ለእነርሱ ሰጣቸው ማለት ይቻላል።

አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ደግሞ ይመልከቱ። በ44:13 ጽዋው በብንያም ስልቻ ውስጥ ሲገኝ ወንድሞቹ ሁሉ ልብሳቸውን ቀደዱ። ዮሴፍ በጠፋ ጊዜ ልብሱን የቀደደው አባታቸው ያዕቆብና ሮቤል ነበሩ፤ የቀሩት አልቀደዱም። አሁን ግን ለሌላው የራሔል ልጅ ሲሉ ሁሉም ቀደዱ፣ ይሁዳም በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። ዮሴፍ ማንነቱን የገለጠላቸው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ የተሰጣቸው መለወጫ ልብስ ለተቀደደው ልብስ ምትክ ነው፤ በሁለቱም ቦታ የገባው የዕብራይስጥ ቃል «ሲምላ» የሚለው አንዱ ቃል ነው። ያዕቆብ ቀሚሱን ለዮሴፍ ሲሰጥ ከወንድሞቹ ለየው፤ ዮሴፍ ግን ለሁሉም ሰጥቶ፣ ያበዛውን በዚያ ሽያጭ እጁ ለሌለበት አበዛለት።

ያም ሆኖ ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። ለብንያም ከአምስቱ ልብስ ጋር 300 ብር ሰጠው፤ ዮሴፍ ራሱ የተሸጠው በ20 ነበር። አሥሩ ወንድሞች አንድ የተለየ ቀሚስ አይተው ወንድማቸውን መሸጣቸውን፣ አሁን ደግሞ አምስት የተለየ ልብስ በአህያ ጭነው ረጅም መንገድ አብረው እንደሚሄዱ ዮሴፍ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስሕተቱን ደገመው ወይ ላሉኝ ጥያቄ የምሰጠው መልስም እርሱ ራሱ ወዲያው ቀጥሎ፣ በቁጥር 24፣ ሲያሰናብታቸው የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ በመንገድ አትጣሉ አላቸው።